ስለ ጨዋታ ሣጥን ዋጋና ስለ ነጋዴዎቹ ችኰላ

ጨዋታ የልጅ ነገር ነው ብሎ የሚንቅ ሰው፣ በጨዋታ ንግድ የተገኘውንና የጠፋውን ገንዘብ ቢቈጥር ይደነግጥ ነበር። ከቴሌቪዥን ጋር ተያይዞ የሚያጫውተው፣ ኮንሶል እየተባለ የሚጠራው ሣጥን ለገበያ ከቀረበ ገና ስድሳ ዓመት አልሞላውም። ዳሩ ግን በዚህ አጭር ዕድሜው ብዙ ነገር አይቷል፤ ሀብት እንደ ክረምት ጎርፍ መጥቶለታል፣ እንደ ጎርፍም ጥሎት ሄዷል። በየሰፈሩ ባለው ፕሌይስቴሽን ቤት ተቀምጣችሁ በጨዋታ ልክ ሂሳብ የምትከፍሉ ወጣቶች፣ ያ ሣጥን ለምን በዚያ ዋጋ እንደ ተሸጠ ጠይቃችሁ አታውቁ ይሆናል። እኔ የምጽፈው ስለዚሁ ስለ ዋጋው ነው፤ ሻጭ ስለ ነገ የሚያስበው፣ የሚፈራውና የሚመኘው ሁሉ በዋጋው ውስጥ ተጽፎ ይገኛልና። ዓመታቱን የምጠቅሰው ነገሩ በተፈጸመበት አገር ልማድ፣ ማለት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

የመጀመሪያውን የቤት ኮንሶል ያሰበው ራልፍ ቤር የተባለ መሐንዲስ ነበረ። ይህ ሰው በልጅነቱ ከወላጆቹ ጋር ከናዚዎች ግፍ ሸሽቶ ከጀርመን ወደ አሜሪካ የገባ አይሁዳዊ ነው። ማግናቮክስ የተባለው ኩባንያ የእርሱን ሐሳብ በ1972 ኦዲሲ ብሎ ሰይሞ በ100 ዶላር ገደማ ሸጠው። በዚያው ዓመት ኖላን ቡሽኔልና ቴድ ዳብኒ በካሊፎርኒያ አታሪ የተባለውን ኩባንያ አቋቋሙ፤ በመጠጥ ቤት ሳንቲም እየተከተተበት የሚጫወቱትን ፖንግ የተባለውንም ጨዋታ አወጡ። ፖንግ ሁለት ሰዎች ኳስ እየመለሱ የሚፎካከሩበት፣ የጠረጴዛ ቴኒስን የሚመስል ነገር ነው። በ1975 ይኸው ጨዋታ ለቤት ተዘጋጅቶ በሲርስ መደብሮች ቀረበ።

በ1976 ጄኔራል ኢንስትሩመንት የተባለው ፋብሪካ የዚህን ዓይነቱን ጨዋታ በሙሉ በአንዲት ቺፕ ላይ ጨምቆ ለፈለገ ሁሉ መሸጥ ጀመረ። ከዚያ ወዲያ ኮንሶል ለመሥራት ብዙ ዕውቀት አላስፈለገም፤ ቺፑን ገዝቶ የፕላስቲክ ሣጥን ማልበስ በቃ። እገሌ አተረፈ ሲባል የሰማ ሁሉ ተሯሯጠ። ሁሉም አንድ ዓይነት ዕቃ ይዞ ወደ አንድ ገበያ ሲመጣ የሚሆነው የታወቀ ነው፤ በ1977 መጋዘኖች ሞሉ፣ ነጋዴዎቹም ከወጪያቸው በታች እየሸጡ ከገበያው ወጡ። ይህ የመጀመሪያው ውድቀት ነው። ዛሬ የሚያስታውሰው ሰው ጥቂት ነው፤ በጊዜው የነበሩትም ቶሎ ባይረሱት ኖሮ የሁለተኛው ነገር ምናልባት ሌላ ይሆን ነበር።

በዚያው በ1977 አታሪ ሌላ ዓይነት ሣጥን አወጣ፤ ዋጋው 199 ዶላር ነበረ። አታሪን ከአንድ ዓመት በፊት በፊልምና በሙዚቃ የታወቀው ዋርነር በ28 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶት ነበር። በአዲሱ ሣጥን ላይ ካርትሪጅ የሚባል፣ እንደ ካሴት የሚሰካና የሚነቀል ነገር አለ፤ ካርትሪጁ ሲለወጥ ጨዋታው ይለወጣል። የንግዱ ምሥጢር እዚህ ላይ ነው። ፋኖሱን በትንሽ ትርፍ፣ ወይም ጭራሽ ያለ ትርፍ ሸጦ፣ ላምባውን ግን ዕድሜ ልኩን እየሸጠ የሚጠቀም ነጋዴ አስቡ። ሣጥኑ ፋኖስ ነው፤ ጨዋታው ላምባ ነው። ይህን ሂሳብ ያልተረዳ ሰው፣ ኮንሶል የሚሠሩ ኩባንያዎች እያወቁ ስለ ምን ከወጪያቸው በታች እንደሚሸጡ ሊገባው አይችልም። በ1980 ስፔስ ኢንቬደርስ የተባለው የጃፓን ጨዋታ ለአታሪ ሣጥን ተዘጋጅቶ በወጣ ጊዜ፣ ብዙ ሰው ለዚያ ለአንድ ጨዋታ ሲል ሣጥኑን ገዛ። ላምባው ፋኖሱን ሸጠ ማለት ነው።

ነገር ግን አታሪ ላምባውን የሚጠብቅበት ቍልፍ አልነበረውም። ጨዋታዎቹን ከሚጽፉለት ሰዎች መካከል አራት የተመሰገኑ ባለሙያዎች ስማቸው በዕቃው ላይ እንዲጻፍ፣ ከሽያጩም እንዲደርሳቸው ቢጠይቁ የሚሰማቸው አጡ። እነርሱም ወጥተው በ1979 አክቲቪዥን የተባለውን ኩባንያ መሠረቱና ለዚያው ለአታሪ ሣጥን የራሳቸውን ካርትሪጅ መሸጥ ጀመሩ። አታሪ ከሰሳቸው፤ በ1982 ነገሩ በስምምነት አለቀና አክቲቪዥን ከሽያጩ ለአታሪ እየከፈለ መሥራቱን ቀጠለ። በሩ አንድ ጊዜ ከተከፈተ በኋላ ግን የገባው ባለሙያ ብቻ አልነበረም። በአጃ ምግብ የታወቀው ኩዌከር ኦትስ እንኳ የጨዋታ ኩባንያ ገዝቶ ካርትሪጅ ያወጣ ጀመር። አጃ ሻጭ ጨዋታ መሸጥ አይገባውም አልልም፤ ነገር ግን ስለ ጨዋታ ደንታ የሌለው ሁሉ ወደ ጨዋታ ንግድ ሲጐርፍ ስታዩ፣ ገበያው ሊዘጋ የቀረው ጊዜ ጥቂት መሆኑን ጠርጥሩ።

በ1981 የአታሪ ዕቃ ከአቅርቦቱ ይልቅ ፈላጊው በዝቶ ነበርና ባለሱቆች ካዘዙት በታች ይላክላቸው ነበር። ስለዚህ አታሪ የ1982ን ትእዛዝ አስቀድማችሁ አቅርቡ ባላቸው ጊዜ፣ ግማሹን ብቻ ይሰጡኛል ብሎ የሚያስብ ሰው እንደሚያደርገው፣ ከሚፈልጉት በላይ አዘዙ። አታሪ ደግሞ ትእዛዙን እንደ እውነተኛ ፍላጎት ቈጥሮ ፋብሪካውን አሠራ። ዓመቱ እየገፋ ሲሄድ ባለሱቆች ትእዛዛቸውን መሰረዝ ጀመሩ። በዚህ ነገር ውስጥ ማንም በግልጽ የዋሸ የለም፤ ሁሉም ትንሽ ትንሽ አጋነነ፣ የሁሉም ትንሽ ግን ተደምሮ ተራራ ሆነ።

በዚያ ዓመት ፓክ ማን የተባለው ዝነኛ ጨዋታ በጥድፊያ ተዘጋጅቶ ወጣ። ሰባት ሚሊዮን ያህል ተሸጠ፤ የገዛው ሰው ግን ቅር አለው፣ ያልተሸጠውም ካርትሪጅ ብዙ ነበረ። ቀጥሎም ኢ.ቲ. የተባለው የስቲቨን ስፒልበርግ ፊልም አገሩን ሁሉ ሲያነጋግር፣ ዋርነር በስሙ ለመጠቀም ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደ ከፈለ ይነገራል። ውሉ ያለቀው በሐምሌ መጨረሻ ነው፤ ጨዋታው ለገና ገበያ እንዲደርስ በመስከረም መጀመሪያ ማለቅ ነበረበት። ሃዋርድ ስኮት ዋርሾ የተባለው ወጣት በአምስት ሳምንት ጻፈው። እንዲህ ያለ ሥራ በዚያ ዘመን ብዙ ወራት ይፈጅ ነበር። አራት ሚሊዮን ያህል ካርትሪጅ ታተመ፤ አብዛኛውም ሳይሸጥ ቀረ፣ ከተሸጠውም ብዙው ተመለሰ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

እዚህ ላይ ቆም ማለት እወዳለሁ። ብዙ ሰዎች ይህን ታሪክ ሲያወሩ፣ አንድ መጥፎ ጨዋታ አንድን ኢንዱስትሪ ገደለ ይላሉ። ይህ ፍርድ ትክክል አይደለም። ዋርሾ ከዚያ በፊት ያርስ ሪቬንጅ የተባለ፣ ሰው የወደደለትን ጨዋታ ሠርቶ ነበር። አምስት ሳምንት የሰጠው እርሱ አይደለም፤ ስንት ይታተም ያለው እርሱ አይደለም፤ በየሱቁ የተከመረውንም የሌሎች ኩባንያዎች ብልሹ ካርትሪጅ እርሱ አልጻፈውም። ለጌቶች ስሕተት ሠራተኛን መውቀስ ቀላል ስለ ሆነ ብቻ ስሙ ለሠላሳ ዓመት መሳለቂያ ሆኖ ኖረ። ሰውዬው በኋላ ሙያውን ለውጦ የሰው ጭንቀት የሚያደምጥ የሥነ ልቡና አማካሪ ሆነ፤ እኔ ይህን ስሰማ ብዙም አልገረመኝም።

ዲሴምበር 7 ቀን 1982 ዋርነር የአታሪ ሽያጭ ከተጠበቀው 50 በመቶ እድገት ይልቅ ከ10 እስከ 15 በመቶ ብቻ እንደሚያድግ አስታወቀ። አንባቢ ሆይ፣ ልብ በል፤ ይቀንሳል አላለም፣ እድገቱ ያንሳል ነው ያለው። በማግሥቱ የዋርነር አክሲዮን ዋጋ ሲሶው ያህል ወደቀ። የአታሪ ሹም ሬይ ካሳር ማስታወቂያው ከመነገሩ 23 ደቂቃ በፊት ከነበረው የዋርነር አክሲዮን 5,000ውን ሸጦ ተገኘ። በኋላም ከአክሲዮን ገበያ ተቈጣጣሪው መሥሪያ ቤት ጋር፣ ጥፋተኛ ነኝ ሳይል ትርፉን መልሶ ተስማማ። በፌብሩዋሪ 1983 አታሪ ሥራውን ወደ ሆንግ ኮንግና ወደ ታይዋን አዛውራለሁ ብሎ በካሊፎርኒያ 1,700 ሠራተኞችን አሰናበተ። እነዚህ ሰዎች የሚሸጡት 5,000 አክሲዮን አልነበራቸውም።

ከዚያ በኋላ ዋጋው ተናደ። ትንንሾቹ ኩባንያዎች ከየሱቁ የሚመለሰውን ዕቃ መልሰው የሚከፍሉበት ገንዘብ ስላልነበራቸው ከሰሩ፤ ባለሱቁም የቀረበትን ካርትሪጅ በቅርጫት ከምሮ ባገኘው ዋጋ ቸበቸበው። 35 ዶላር ይሸጥ የነበረው በአምስት ዶላር፣ ከዚያም በታች ተሸጠ። ልጆች ደስ አላቸው። የጨው ተራራ ሲናድ ሞኝ ይልሳል፣ ብልህ ያለቅሳል እንደሚባለው ሆነ፤ ምክንያቱም አምስት ዶላር ይዞ የመጣ ልጅ መጥፎውን አምስት ዶላር ጨዋታ ገዝቶ ሲሄድ፣ በሚገባ የተሠራው 35 ዶላር ጨዋታ ገዢ አጥቶ ይቀር ነበር። መልካም ሠሪና መጥፎ ሠሪ አብረው ሰመጡ። አታሪ በ1983 ከ500 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሰረ። በአሜሪካ የቤት ውስጥ ጨዋታ ሽያጭ በ1983 ከነበረበት 3.2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ፣ በ1985 ወደ 100 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወረደ። በሴፕቴምበር 1983 አታሪ በኤል ፓሶ መጋዘን የነበረውን ዕቃ በጭነት መኪና አስጭኖ፣ በኒው ሜክሲኮ ክፍለ ሀገር አላሞጎርዶ በተባለች ከተማ የቈሻሻ ጕድጓድ ውስጥ አስቀበረውና ሲሚንቶ አፈሰሰበት። በ2014 ጕድጓዱ ተቈፍሮ 1,300 ያህል ካርትሪጅ ወጣ፤ ዋርሾም በቦታው ተገኝቶ አይቷል። ከተማይቱ ከዚያ ቈሻሻ ብዙውን በጨረታ ሸጣ ከ100,000 ዶላር በላይ አገኘች።

በዚሁ ዘመን ሌላ የዋጋ ጦርነት ይካሄድ ነበር፤ የሚዋጉትም የቤት ኮምፒዩተር ሻጮች ናቸው። የኮሞዶር ባለቤት ጃክ ትራሚየል በፖላንድ ሎጅ ከተማ ተወልዶ ከአውሽቪትዝ ሞት የተረፈ፣ ኒው ዮርክ ገብቶ የጽሕፈት መኪና በመጠገን የጀመረ ሰው ነበረ። በ1970ዎቹ ዓመታት የሂሳብ መኪና ሲሸጥ፣ ቺፑን ይገዛ የነበረው ከቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ነበር። ያ ኩባንያ ግን ራሱ የሂሳብ መኪና እየሠራ ትራሚየል ሊቋቋመው በማይችል ዋጋ መሸጥ ጀመረና በ1975 ኮሞዶር ሊጠፋ ደረሰ። ትራሚየል ይህን አልረሳም። በ1976 የራሱን የቺፕ ፋብሪካ ገዛ። በ1982 ኮሞዶር 64 የተባለውን ኮምፒዩተር በ595 ዶላር አወጣ፤ በ1983 አጋማሽ ወደ 200 ዶላር አወረደው። አሮጌ ኮንሶል ወይም ኮምፒዩተር ላመጣ ሰው 100 ዶላር እመልሳለሁ ባለ ጊዜ፣ አንዳንድ ባለሱቆች ታይሜክስ የተባለውን ርካሽ ኮምፒዩተር ለመመለሻ ብቻ እንዲሆን በጥቂት ዶላር አብረው ይሸጡ ነበር።

ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ በ1981 በ525 ዶላር ያወጣውን ኮምፒዩተር በ1983 በ100 ዶላር እስከ መሸጥ ደረሰ፤ በሁለተኛው ሩብ ዓመት ብቻ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሰረና በኦክቶበር ከዚህ ንግድ ወጣ። ትራሚየል አሸነፈ። ኮምፒዩተር በኮንሶል ዋጋ ሲሸጥ ያየ ወላጅ ግን ለልጁ ኮንሶል መግዛቱን ተወ፤ ሁለት ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው። ትራሚየልም ድሉን ብዙ አላጣጣመውም፤ በጃንዋሪ 1984 ከሊቀ መንበሩ ጋር ተጣልቶ ከገዛ ኩባንያው ወጣ። በዚያው ዓመት በጁላይ ከዋርነር እጅ የገዛው ምን እንደ ሆነ ብትገምቱ ታገኙታላችሁ፤ የወደቀውን የአታሪን የቤት ኮንሶልና የኮምፒዩተር ክፍል ነበር።

ንግዱ ከሞት የተነሣው ከጃፓን በመጣ እጅ ነው። ኒንቴንዶ በ1889 በኪዮቶ ከተማ የመጫወቻ ካርታ በመሥራት የተቋቋመ ቤት ነው። ሂሮሺ ያማውቺ የሚመራው ይህ ኩባንያ በ1983 ፋሚኮም የተባለውን ኮንሶል በ14,800 የን አወጣ፤ ጕድለት ሲገኝበት የሸጠውን እስከ መሰብሰብ ደርሶ አስተካከለው። በ1985 ወደ ኒው ዮርክ ሲመጣ ግን ባለሱቆች የቪዲዮ ጨዋታ የሚል ቃል መስማት አልፈለጉም። ስለዚህ ኒንቴንዶ ሣጥኑን የመዝናኛ መሣሪያ ብሎ ሰየመው፣ አሻንጉሊት የሚመስል ሮቦት ጨመረበት፣ ያልተሸጠውንም መልሼ እወስዳለሁ ብሎ ቃል ገባ። አታሪ ያጣውን ቍልፍ በሣጥኑ ውስጥ አኖረ፤ የኒንቴንዶ ፈቃድ የሌለው ካርትሪጅ እንዳይሠራ የምትከለክል ቺፕ ነበረች። ፈቃድ ያገኘ ኩባንያ በዓመት ከአምስት ጨዋታ በላይ እንዳያወጣ ተወሰነ።

ይህ ሥርዐት መጥለቅለቁን ገታው፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ቍልፍ የያዘ ሰው ቤቱን ብቻ ጠብቆ አይቀርም፣ መንገደኛውንም ማስከፈል ይጀምራል። ኒንቴንዶ ሱቆች ኮንሶሉን ከ99.95 ዶላር በታች እንዳይሸጡ ያስገድዳል ተብሎ ተከሰሰና በ1991 ከመንግሥት ጋር ተስማማ። ካሳው ምን ነበረ? ለገዢዎች የኒንቴንዶን ጨዋታ ሲገዙ የሚቀነስላቸው የአምስት ዶላር ኩፖን። ሌላ ላምባ እንዲገዙ ማለት ነው! እንዲህ ያለውን ቅጣት ብዙ ነጋዴ በደስታ የሚቀበለው ይመስለኛል።

የ1990ዎቹን ፉክክር ባጭሩ ልለፈው። በሜይ 1995 በሎስ አንጀለስ በተደረገው ትርኢት ሴጋ ሳተርን የተባለው ሣጥኑ በ399 ዶላር ከዚያው ቀን ጀምሮ እንደሚሸጥ አስታወቀ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የሶኒ ሰው ወደ መድረኩ ወጥቶ ስለ ፕሌይስቴሽን የተናገረው ቍጥር ብቻ ነበር፦ 299። ሴጋ ለጥቂት መደብሮች ብቻ ቀድሞ በማደሉም ሌሎቹን አስቀየመ። በመጨረሻ ያወጣው ድሪምካስት በአሜሪካ በ1999 በ199 ዶላር ጀመረ፤ በ2000 ወደ 149፣ በ2001 መጀመሪያ ወደ 99 ዶላር ወረደ። በጃንዋሪ 2001 ሴጋ ኮንሶል መሥራት እንደሚያቆም አስታወቀ። በዚያን ጊዜ የሴጋ መሪ የነበረው ኢሳኦ ኦካዋ በጠና ታሞ ነበር። እርሱም ለኩባንያው ያበደረውን ገንዘብ ማረ፣ በእጁ ያለውንም አክሲዮን ሰጠ፤ ስጦታው ወደ 700 ሚሊዮን ዶላር ይገመታል። በማርች 2001 ሞተ። ሴጋ ግን ጨዋታ ጸሐፊ ሆኖ ተረፈ። ካሳርንና ኦካዋን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ ማየት የአንባቢው ፋንታ ነው።

ድል አድራጊዋ ሶኒም በተራዋ ተፈተነች። በ2006 ፕሌይስቴሽን 3ን በ499 እና በ599 ዶላር ስታወጣ፣ የውስጥ ዕቃውን የመረመሩ ሰዎች አንዱን ለመሥራት ከ800 ዶላር በላይ እንደሚፈጅ ገምተው ነበር። ውድ ሆኖም በኪሳራ ይሸጥ ነበር ማለት ነው። ኒንቴንዶ በዚያው ወር በ249.99 ዶላር ያወጣው ዊ ግን በሥሪቱ ተራ ሆኖ ሳለ ከ100 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። ያው ኒንቴንዶ በ2011 በእጅ የሚያዘውን 3ዲኤስ በ249.99 ዶላር አውጥቶ ገዢ ሲያጣ፣ ስድስት ወር ሳይሞላው ወደ 169.99 አወረደው። ፕሬዚዳንቱ ሳቶሩ ኢዋታ የራሱን ደመወዝ በግማሽ ቀነሰ፤ በውድ ዋጋ ለገዙት ቀዳሚዎችም ሃያ ጨዋታ በነጻ ሰጠ። የሃያ ጨዋታ ዋጋ ያን ያህል ከባድ አይደለም፤ ነገር ግን አምኖኝ የቀደመውን ሰው አቃለልሁት ብሎ ማሰብ በነጋዴ ዘንድ ብዙ ጊዜ አይገኝም።

እስከዚህ ድረስ የተናገርሁት ሁሉ አንድ ልማድ ነበረው፤ የታገሠ ሰው ርካሽ ይገዛ ነበር። ያ ልማድ ከ2022 ጀምሮ ተናጋ። በኮሮና ወረርሽኝ ዘመን ሰው ሁሉ ቤቱ ሲዘጋ የጨዋታ ንግድ በዛ፣ ቺፕ ጠፋ፣ ፕሌይስቴሽን 5ን ገዝተው አትርፈው የሚሸጡ ሰዎችም ተነሡ። ኩባንያዎቹ ያ ጎርፍ የማይጐድል መስሏቸው ሠራተኛ ቀጠሩ፤ በ2024 መጀመሪያ ማይክሮሶፍት ከጨዋታ ክፍሉ 1,900፣ ሶኒ ደግሞ 900 ሰው አሰናበቱ። ሶኒ በኦገስት 2022 በአውሮፓና በጃፓን፣ በኦገስት 2025 ደግሞ በአሜሪካ ዋጋ ጨመረች፤ በ2020 499.99 ዶላር የነበረው ሣጥን ከአምስት ዓመት በኋላ 549.99 ሆነ። እውነት ነው፣ በ1977 የአታሪ ሣጥን የተሸጠበት 199 ዶላር በ2025 ገንዘብ ቢመነዘር ከ1,000 ዶላር ይበልጣል፤ ስለዚህ በጥንቱ ዋጋ ሲለካ ዛሬም ርካሽ ነው የሚሉ አሉ። ሂሳቡ ትክክል ነው፣ ለማን ርካሽ እንደ ሆነ ግን አይናገርም።

በእኛ አገር በጁላይ 2024 መጨረሻ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። በዚያ ወራት ሶኒ በአሜሪካ በዋጋው ላይ አንዲት ሳንቲም አልጨመረችም። ቀረጡና ማጓጓዣው ሳይታሰብ እንኳ፣ 28,000 ብር ያህል ይመነዘር የነበረው 499 ዶላር ወደ 50,000 ብር ደረሰ። የሰፈሩ ፕሌይስቴሽን ቤት ባለቤት አንድ ሣጥን በተበላሸበት ጊዜ ሌላ የሚተካው በዚህ ሂሳብ ነው።